መኪና የማይደርስባቸው መንገዶች፦ ትሮሳክስን በሳይክል

(ግላስጎው ውስጥ ሳይክል ለሚነዱና ለመጀመር ላሰቡ ሐበሾች ያደረግኩት ንግግር ነው። ያልመጡት ጻፍልን ስላሉኝ ከሞላ ጎደል እንዳወራሁት አስቀምጬዋለሁ።)

ሰላም ለሁላችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ስለ ትሮሳክስ አውራልን ስትሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት የመንገድ ዝርዝር ይዤ መምጣት ነበር፣ ግን የመንገድ ዝርዝር እኮ ስልካችሁ ላይ ሞልቷል፣ አፑን ከፍታችሁ ከዚህ አበርፎይል ውሰደኝ ብትሉት ወዲያው መስመር ያወጣላችኋል። ግን መስመሩ ላይ መኪናው በስንት ፍጥነት በጎናችሁ እንደሚያልፍ አይነግራችሁም፣ ብዙ ሰው ደግሞ ሳይክል ጀምሮ የሚተወው እግሩ ደክሞ ሳይሆን አንድ ከባድ መኪና ትከሻውን ታክኮት ሲያልፍ ደንግጦ ነው። እና ዛሬ ማወራው ስለ ጸጥ ያሉት መንገዶች ነው፣ የት እንዳሉና ለምን ጸጥ እንዳሉ። ለምን የሚለውን ካወቃችሁ የትም ብትሄዱ ራሳችሁ ታገኟቸዋላችሁ።

እስኪ ቦታውን ለማታውቁት ትንሽ ልበል። ትሮሳክስ ከግላስጎው በስተሰሜን ነው፣ በመኪና አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሎክ ሎሞንድና ትሮሳክስ አንድ ላይ ሆነው በ2002 ብሔራዊ ፓርክ ተባሉ፣ ለስኮትላንድ የመጀመሪያው ነው። የዝቅታው አገርና የደጋው አገር የሚለያዩበት ትልቅ የመሬት ስንጥቅ እዚሁ ነው የሚያልፈው፣ ለዛ ነው ከደቡብ ስትመጡ ሜዳና የከብት ግጦሽ ሆኖ ቆይቶ አበርፎይል ስትደርሱ ድንገት ተራራው ፊታችሁ የሚቆመው። ከዛ ወዲያ ሸለቆ በሸለቆ ነው፣ በየሸለቆው ደግሞ ሐይቅ ተኝቷል፣ እነሱ ሎክ ይሉታል። ሎክ አርድ፣ ሎክ ቾን፣ ሎክ አክሬይ፣ ሎክ ቬናካር፣ ሎክ ሉብኔግ፣ ሎክ ካትሪን። የሐይቅ ዳር መንገድ ለሳይክል ጥሩ ነው፣ ግን ሜዳ ነው ብላችሁ እንዳትገቡበት፣ ዳሩን ተከትሎ ላይ ታች ላይ ታች ይላችኋል፣ ዳገቶቹ አጫጭር ሆነው ግን ቀጥ ያሉ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፣ ሎክ ካትሪን።

ግላስጎው የምትኖሩ ሁላችሁ ሎክ ካትሪንን ታውቁታላችሁ፣ ዛሬ ጠዋት ቡናችሁን ያፈላችሁት በሱ ውሃ ነው ማለት ይቻላል። በ1800ዎቹ አጋማሽ ግላስጎው በፋብሪካው ምክንያት ሕዝቧ ከልክ በላይ ሞልቶ ነበር፣ የሚጠጣው ውሃ ከክላይድ ወንዝና ከጉድጓድ የሚቀዳ ቆሻሻ ነበር፣ ኮሌራ እየተመላለሰ ሰው ይጨርስ ነበር፣ በ1848 እና በ1853 በተነሱት ወረርሽኞች በሺዎች አለቁ። ከተማዋ በመጨረሻ ትልቅ ነገር ወሰነች፣ ጆን ፍሬደሪክ ቤትማን የሚባለውን መሐንዲስ ይዛ ከሎክ ካትሪን እስከ ከተማዋ ጫፍ ድረስ 26 ማይል ገደማ፣ ማለትም 42 ኪሎሜትር አካባቢ የሆነ የውሃ መስመር አስቆፈረች፣ ተራራውን በዋሻ እየበሱ፣ ወንዙን በድልድይ እያሻገሩ። ውሃው ያለ ፓምፕ በራሱ ቁልቁል ይወርዳል፣ እስከ ዛሬ። ንግሥት ቪክቶሪያ በኦክቶበር 1859 መጥታ መረቀችው። በ1866 ኮሌራ እንደገና አገሩን ሲመታ ግላስጎው ውስጥ የሞተው ሰው ከበፊቶቹ ጋር ሲተያይ በጣም ጥቂት ነበር።

ይሄን ሁሉ ምነግራችሁ ታሪክ ለማውራት አይደለም፣ መንገዱ ከዚህ ስለመጣ ነው። ሐይቁ የመጠጥ ውሃ ስለሆነ ዳሩን የያዘው የውሃ ድርጅቱ ነው፣ በሰሜን በኩል ያለው መንገድም የሱ የሥራ መንገድ ነው፣ አስፓልት ነው፣ የድርጅቱ መኪናና እዛ ያሉት ጥቂት ቤቶች መኪና ካልሆነ በስተቀር ሌላ መኪና አይገባበትም። በእግርና በሳይክል ግን ማንም መግባት ይችላል። ትሮሳክስ ፒር ከሚባለው የመርከብ ማቆሚያ ተነስታችሁ ማዶ ያለችው ስትሮናክላካር እስክትደርሱ 21 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ 21 ኪሎሜትር ሙሉ አስፓልት፣ በግራ በኩል ሐይቅ፣ በቀኝ ተራራ፣ ምናልባት አንድ የጥገና መኪና ቢያጋጥማችሁ ነው። እንግሊዝ አገር ሁሉ ብትዞሩ እንዲህ አይነት አስፓልት ቶሎ አታገኙም። ልጅ ሳይክል ማስተማር ለሚፈልግ፣ ለረጅም ጊዜ ሳይነዳ ቆይቶ ለሚመለስ፣ መኪና ለሚፈራ፣ እኔ መጀመሪያ ምወስደው እዚህ ነው።

እዛው ፒሩ ላይ ሳይክል የሚያከራዩ አሉ። ሳይክላችሁን መርከብ ላይ ጭናችሁ ስትሮናክላካር ወርዳችሁ በሳይክል መመለስም ትችላላችሁ፣ ብዙ ቤተሰብ እንደዛ ነው የሚያደርገው፣ የመርከቡን ሰዓት ብቻ ከቤት ሳትወጡ እዩ፣ በብርዱ ወራት ጉዞው ይቀንሳል። ሰር ዋልተር ስኮት የምትባለው መርከብ በ1899 ነው ውሃ ላይ የወጣችው፣ በእንፋሎት የምትሄድ ናት፣ ሌላው ዓለም ወደ ዲዝል ሲዞር እሷ እንፋሎት ላይ የቀረችው ዘይት የመጠጥ ውሃው ውስጥ እንዳይገባ ተብሎ ነው። ዋልተር ስኮት ማለት በ1810 በዚህ ሐይቅ ላይ ረጅም ግጥም ጽፎ ያሳተመው ደራሲ ነው፣ ያ ግጥም ከወጣ በኋላ ሰው ከየአገሩ ሐይቁን ለማየት ጎረፈ፣ የትሮሳክስ ቱሪዝም የሚባለው ነገር ያኔ ነው የጀመረው።

እሺ፣ ሙሉውን ዙር ለምትፈልጉ ደግሞ እኔ ምመክራችሁ እንዲህ ነው። አበርፎይል ጀምሩ፣ ዱክስ ፓስ በሚባለው የተራራ መሻገሪያ መንገድ ወደ ሰሜን ውጡ፣ ቁልቁል ወርዳችሁ ሎክ አክሬይ ጋ ወደ ግራ ወደ ፒሩ ታጠፉ፣ የሎክ ካትሪንን ሰሜን ዳር ይዛችሁ ስትሮናክላካር፣ ከዛ በቢ829 መንገድ በሎክ ቾንና በሎክ አርድ በኩል ተመልሳችሁ አበርፎይል። በጠቅላላው 50 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ብዙ ሰው በየትኛው አቅጣጫ እንዙር ይላል። እኔ በዚህ አቅጣጫ ነው ምለው፣ በተቃራኒው አትሂዱ፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ነገር ዱክስ ፓስን እግራችሁ ሳይደክም በጠዋት ትጨርሱታላችሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ከረፋድ በኋላ ሞተር ሳይክሎችና የሽርሽር መኪኖች ይበዙበታል፣ ቀድማችሁ ማለፍ ነው የሚሻለው። ሁለተኛ እዚህ አገር ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ካትሪን ዳር ላይ ፊታችሁን ይመታችኋል ግን ዛፉ ብዙ ቦታ ይከልላችኋል፣ ስትመለሱ በደከማችሁበት ሰዓት ነፋሱ ከኋላ ይገፋችኋል። ሦስተኛው ደግሞ ስትሮናክላካር ያለው ካፌ ነው፣ ከመንገዱ ሁለት ሦስተኛው ላይ ነው የሚገኘው፣ ሾርባና ሻይ በሚያስፈልግበት ቦታ በትክክል።

ዱክስ ፓስ ዱክ የተባለው በሞንትሮዝ ዱክ ነው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መሬቱ የሱ ነበርና መንገዱን ያሠራው እሱ ነው። ጫፉ 240 ሜትር ገደማ ነው። አውቃለሁ፣ አዲስ አበባ ያደገ ሰው 240 ሜትር ሲባል ፈገግ ይላል፣ እንጦጦን እየወጣና እየወረደ ያደገ ሰው። ግን ከታች ከዜሮ አካባቢ ነው የምትነሱት፣ አበርፎይል ከተማዋን ለቃችሁ ወዲያው ቀጥ ይላል፣ መጀመሪያዎቹ ኩርባዎች ላይ ማርሽ ቀድማችሁ ካላቀለላችሁ በኋላ ካቴናው ተወጥሮ እምቢ ይላችኋል። መሃል ላይ ትንሽ ረገብ ይላል፣ እንደገና ይነሳል፣ ከዛ ጫካው ተከፍቶ ሎክ ቬናካር ከታች ይታያችኋል። ቁልቁለቱ ላይ ኩርባው ብዙ ነው፣ አስፓልቱ ጥላ ስር ስለሆነ ፀሐይ ቢወጣም እርጥብ ሆኖ ይቆያል፣ ፍሬን ኩርባው ውስጥ ሳይሆን ከኩርባው በፊት ያዙ።

ካትሪን ዳር ስትገቡ ቀስ በሉ። እዛ ፍጥነት ምንም አይጠቅምም። መንገዱ ከውሃው ጋር አንዴ ይቀርባል አንዴ ይርቃል፣ የኦክና የበርች ጫካ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል፣ ወደ ምዕራብ እየሄዳችሁ ስትመጡ ዛፉ እየሳሳ ተራራው ራቁቱን ይቀራል። ፖርትኔላን የሚባል ቦታ ላይ ወደ ሐይቁ ገባ ያለች፣ በድንጋይ ግንብ የተከበበች ትንሽ የመቃብር ቦታ አለች፣ በጠባብ መተላለፊያ ከዳሩ ጋር የተያያዘች፣ የማግሬጎር ጎሳ መቃብር ናት። ሳይክላችሁን አቁማችሁ እዩዋት። ውሃው ሦስቱንም ጎኗን ይዞታል፣ ሐይቁን ለመጠጥ ብለው በግድብ ከፍ ሲያደርጉት ብዙ ነገር ውሃ ውስጥ ቀርቷል፣ እሷ ተርፋ አለች። ትንሽ አለፍ ብሎ ግሌንጋይል አለ፣ ሮብ ሮይ ማግሬጎር በ1671 የተወለደበት። ከብት ነጋዴም፣ ከብት ዘራፊም፣ ከባለርስት ጋር ተጣልቶ የሸፈተም ሰው ነው፣ እኛ አገር ቢሆን የሚገጠምለት አይነት ሽፍታ። መቃብሩ ባልክዊደር ነው፣ እሱን ኋላ እመለስበታለሁ።

የሐይቁ መጨረሻ ላይ ዞራችሁ ደቡብ ዳር ስትመጡ ስትሮናክላካር ትደርሳላችሁ። ከካፌው በኋላ ትንሽ ወጥታችሁ መንታ መንገድ አለ፣ ወደ ቀኝ በሎክ አርክሌት በኩል ኢንቨርስኔይድ፣ ወደ ግራ አበርፎይል። ጉልበት ያለው ኢንቨርስኔይድ ይሂድ፣ ሎክ አርክሌትን ሜዳ ሜዳውን አልፋችሁ መጨረሻው ላይ ወደ ሎክ ሎሞንድ ቁልቁል ትወድቃላችሁ፣ ከታች ሆቴልና ፏፏቴ አለ፣ ሐይቁን ማዶ ስታዩ የአሮቻር ተራሮች ናቸው። ሎክ ሎሞንድ በስፋት ከታላቋ ብሪታንያ ሐይቆች ሁሉ አንደኛ ነው፣ 71 ካሬ ኪሎሜትር። ግን ልብ በሉ፣ መንገዱ እዛ ያልቃል፣ መኪና ወዲያ አያልፍም፣ እናንተም የወረዳችሁትን መልሳችሁ መውጣት አለባችሁ፣ ዳገቱ ደግሞ ከዱክስ ፓስ ይብሳል ብዬ ነው የማምነው።

እና አያችሁ፣ መንገድ ጸጥ የሚልበት የመጀመሪያው ምክንያት የመጠጥ ውሃው ነበር፣ ይሄ ደግሞ ሁለተኛው ነው። ከአበርፎይል በሎክ አርድ በኩል የሚመጣው ቢ829 ጸጥ ያለው ወዲያ ስለማያስወጣ ነው። የትም የማያደርስ መንገድ ላይ የሚቸኩል ሰው የለም፣ ያለው የሰፈሩ ሰውና የሽርሽር ሰው ነው። ካርታ ስታዩ ሸለቆ ውስጥ ገብቶ የሚቀር መንገድ ካያችሁ ምልክት አድርጉበት። ባልክዊደርም እንደዛ ነው፣ ከኪንግስሃውስ ገብታችሁ በሎክ ቮይል ዳር እስከ መጨረሻው ድረስ ጠባብ መንገድ ነው፣ የሮብ ሮይ መቃብር ቤተክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ነው፣ በ1734 ነው የሞተው፣ አልጋው ላይ። ግሌን ላየንም ያው ነው፣ እሱ ግን ሩቅ ነው፣ የሌላ ቀን ወሬ ይሁን።

ከስትሮናክላካር ወደ አበርፎይል ስትመለሱ ደግሞ አንድ ነገር ፈልጉ። ሎክ ቾን አካባቢ ተራራው ላይ በድንጋይ የተገነቡ ክብ ክብ ነገሮች ታያላችሁ፣ የንብ ቀፎ የመሰሉ፣ ምን እንደሆኑ ለማያውቅ ሰው ግራ ይገባዋል። የውሃው ዋሻ የአየር መተንፈሻዎች ናቸው። ከስራቸው ውሃው ወደ እናንተ ቤት እየሄደ ነው። ቀኑን ሙሉ ከውሃው ጋር ነው ምትጓዙት፣ ላይ ሐይቁን ታያላችሁ፣ ስትመለሱ ከመሬት በታች አብሯችሁ ይወርዳል፣ ማታ ቤት ገብታችሁ ሻወሩን ስትከፍቱ ያው እሱ ነው። እኔ ይሄን ካወቅኩ በኋላ ያ መንገድ በጣም ተቀየረብኝ፣ ስደተኛ ሆኖ ለሚኖር ሰው የሚጠጣው ውሃ ከየት እንደሚመጣ በገዛ እግሩ ሄዶ ማየት ትልቅ ነገር ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ባቡር ነው፣ የሞተ ባቡር። ድሮ ከካላንደር ወደ ኦባን የሚሄድ የባቡር ሐዲድ ነበር፣ በሎክ ሉብኔግ ዳር በግሌን ኦግል በኩል። ኪሳራ ነው ተብሎ ሊዘጋ ቀኑ ተቆርጦ ነበር፣ ቀኑ ሳይደርስ በሴፕቴምበር 1965 ግሌን ኦግል ላይ ናዳ ወርዶ ዘጋው፣ ማንም መልሶ አልከፈተውም። አሁን ያ የሐዲድ መንገድ ብሔራዊ የሳይክል መንገድ ቁጥር 7 የሚባለው አካል ነው፣ ግላስጎውን አቋርጦ በባሎክ፣ በድሪመን፣ በአበርፎይል፣ በካላንደር፣ በኪሊን አድርጎ ኢንቨርነስ ድረስ የሚሄደው። የባቡር መንገድ ጥቅሙ ምን መሰላችሁ፣ ባቡር ዳገት አይወድም፣ ስለዚህ የትም ብትሄዱ በቀስታ ነው የሚወጣው። ከካላንደር እስከ ስትራታየር በሐይቁ ምዕራብ ዳር ነው፣ ማዶ ላይ ኤ84 መንገድ ላይ ከባድ መኪናው ሲንጋጋ ትሰማላችሁ፣ እናንተ ጫካ ውስጥ ናችሁ። ኤ84 ላይ ሳይክል አትንዱ፣ እለምናችኋለሁ። ከሎክኧርንሄድ በኋላ ተጠማዝዞ ወደ ድሮው ሐዲድ ይወጣል፣ ከዛ ግሌን ኦግል ድልድይ ላይ በሳይክል ታልፋላችሁ፣ ገደሉ ጥግ ላይ የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው፣ ናዳው የወረደባቸው ቋጥኞች አሁንም ተበትነው ይታያሉ። ከዛ ኪሊን፣ መሃል ከተማው ውስጥ የሚፈስ ፏፏቴ ያለባት። መንገዱ ሁሉም አስፓልት አይደለም፣ ፒስታ የሆነበት ቦታ አለ፣ ቀጭን የውድድር ጎማ ካላችሁ ትቸገራላችሁ፣ 32 ሚሊሜትር ጎማ ካላችሁ ምንም አትሆኑም።

አራተኛው ቀላል ነው፣ የድሮ መንገድ ጎን አዲስ መንገድ ሲሠራ አሮጌው ለሳይክል ይቀራል። ሎክ ሎሞንድ ምዕራብ ዳር እንደዛ ነው፣ ከባሎክ እስከ ታርበት 27 ኪሎሜትር ገደማ የሳይክል መንገድ አለ፣ አብዛኛው የድሮው ኤ82 ነው። ለጀማሪ ጥሩ ነው፣ ላስ የምትባለው መንደር አርፋችሁ ትመለሳላችሁ። የአዲሱ መንገድ ድምፅ ግን አይለያችሁም፣ እውነቱን ለመናገር እኔ ካትሪንን ነው የምመርጠው።

ውድድር የምትወዱ ደግሞ፣ በተለይ ቢንያም ግርማይ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት የቀን ውድድሮች አሸንፎ የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማልያ ከወሰደ ወዲህ ሳይክል የገዛችሁ ልጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ከሱ በፊት ደግሞ ጽጋቡ ግርማይን አትርሱ፣ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ለእናንተ ክሮው ሮድ አለላችሁ። ሌኖክስታውን ላይ ጀምሮ በካምፕሲ ተራሮች ላይ ወደ ፊንትሪ የሚሻገር ነው፣ ዳገቱ 5 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ጭንቅ የሚል ቀጥ ያለ ቦታ የለውም፣ ግን ዛፍ ስለሌለ ነፋሱ ይጫወትባችኋል። በኦገስት 2023 የዓለም ሻምፒዮና ግላስጎው ሲደረግ የወንዶቹ ውድድር ከኤድንብራ ተነስቶ በዚህ በኩል ነው የመጣው፣ ወደ ፊንትሪ ሳይደርሱ ተቃዋሚዎች መንገዱን ዘግተው አንድ ሰዓት ያህል ቆመዋል፣ ከዛ ማትዩ ቫን ደር ፖል ግላስጎው ከተማ ውስጥ እርጥብ ኩርባ ላይ ወድቆ ተነስቶ ብቻውን አሸነፈ። የሴቶቹ ደግሞ ከባሎክ ከሎክ ሎሞንድ ጫፍ ነው የተነሳው፣ ሎተ ኮፔኪ አሸነፈች። እነሱ የነዱበትን አስፓልት ቅዳሜ ጠዋት ተነስታችሁ መንዳት ትችላላችሁ፣ በነፃ፣ ከዚህ ከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ። ስታዲየም ገብቶ ኳስ መምታት እኮ ማንም አይፈቅድላችሁም።

አሁን ስለ ጥንቃቄ። ጠባብ መንገዶቹ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፉት፣ በየተወሰነ ርቀት መተላለፊያ ቦታ አለ ምልክት ያለበት። ከፊት መኪና ከመጣ መተላለፊያው በግራችሁ ከሆነ ግቡበት፣ በቀኝ በኩል ከሆነ በግራችሁ ቆማችሁ እሱ እንዲገባበት ጠብቁ፣ ወደ ቀኝ አትሻገሩ። ከኋላ መኪና ከተጠራቀመም ገብታችሁ አሳልፉት፣ እጅ አንሱለት፣ እሱም ያነሳል። የሰፈሩ ሰው ሥራ እየሄደ ነው። በትራፊክ ደንቡ መኪና ሲያልፋችሁ በሰዓት እስከ 30 ማይል እየሄደ ቢያንስ 1.5 ሜትር መራቅ አለበት፣ ጎን ለጎን ሁለት ሆናችሁ መንዳትም ይፈቀዳል፣ ግን ጠባብ ኩርባ ላይ ተከታትላችሁ ንዱ።

ሌላው፣ መንገዱ ላይ አግድም የተነጠፉ የብረት ዘንጎች ታገኛላችሁ፣ ከብትና በግ እንዳያልፍ የተደረጉ። ካትሪን ዳር አሉ። ሲደርቁ ምንም አይደሉም፣ ዝናብ ሲነካቸው ግን እንደ ሳሙና ናቸው። ከሩቅ አይታችሁ ፍጥነት ቀንሱ፣ ከዛ ፍሬኑን ልቀቁ፣ ፔዳል መምታት አቁሙ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ ዘንጎቹን በቀጥታ ተሻገሩ፣ ትንሽ ከመቀመጫው ብድግ በሉ። ላያቸው ላይ ሆኖ መጠምዘዝም ፍሬን መያዝም የለም። ካለፋችሁ በኋላ ደግሞ በግ መንገድ ላይ ተኝቶ ሊጠብቃችሁ ይችላል፣ እናቲቱ ባንድ በኩል ግልገሏ በሌላ በኩል ከሆኑ ግልገሏ ወደ እናቷ እንደምትሮጥ አስቡ።

ሚጅ። ይሄን ነገር የማያውቅ አለ? ሚጅ ማለት ከትንኝ ያነሰች፣ በሺዎች ሆና የምትመጣ ነካሽ ነች፣ ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም፣ በተለይ ነፋስ በሌለበት ደመናማ ማታና ጠዋት ውሃ ዳር። ሳይክል ላይ እስካላችሁ አትደርስባችሁም፣ የምታገኛችሁ ስትቆሙ ነው፣ ጎማ ሲተነፍስ። ሁለት እጃችሁ ጎማ ውስጥ ነው፣ ፊታችሁ ላይ፣ ጆሮ ውስጥ፣ ጸጉር ስር ትገባለች። ስለዚህ ጎማ ከተነፈሰ እዛው ጥላ ስር አትቀመጡ፣ ሳይክሉን ገፍታችሁ ነፋስ ወደሚነካው ገላጣ ቦታ ውጡ፣ ትንሽ ነፋስ ካለ መብረር አትችልም። የሚቀባ መከላከያ በየሱቁ አለ፣ የጭንቅላት መረብም ያዙ፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ ነው። ሣርና ፈርን ውስጥ ከተቀመጣችሁ ማታ ገላችሁን ፈትሹ፣ መዥገር አለ፣ በሽታ ያስተላልፋል።

ዝናቡን አትጠብቁት፣ አይቀርም። በእኔ አስተያየት ምርጡ ወር ሜይ ነው፣ ዝናቡ ይቀንሳል፣ ሚጁ ገና ነው፣ ቀኑ ረጅም ነው። ጁን ላይ ማታ አራት ሰዓት ድረስ ብርሃን አለ፣ ዲሴምበር ላይ ደግሞ ከቀኑ አስር ሰዓት ሳይሆን ይጨልማል፣ መብራት ሳትይዙ እንዳትወጡ። ኔትወርክ ብዙ ቦታ ይጠፋል፣ ካርታውን ቤት ዳውንሎድ አድርጉ፣ የት እንደምትሄዱ ለሰው ተናገሩ። ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መንፊያ፣ ቀጭን የዝናብ ጃኬት፣ ሙሉ ጣት ጓንት። ጓንቱን በሞቃቱ ወራትም ያዙ፣ ዱክስ ፓስ ቁልቁለት ላይ ጣት የደነዘዘበት ሰው ፍሬን አይዝም።

ጥያቄዎች ነበሩ፣ የተወሰኑትን ልጻፍ።

አንዲት እህት የጾም ቀን ምን እንብላ ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም ካፌዎቹ ውስጥ ያለው ኬክና ስኮን ሁሉ ቅቤ ነው። የተጋገረ ድንች በባቄላ ያለ ቅቤ ብላችሁ እዘዙ፣ ብዙ ቦታ አለ፣ የምስር ሾርባም ይገኛል፣ ክሬም አለበት ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከቤት ደግሞ በሶ ያዙ። በሶ በውሃ በጥብጣችሁ በጨውና በትንሽ ስኳር ሁለተኛው ጠርሙስ ውስጥ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ኪስ ውስጥ። ሱቅ የሚሸጠው የሳይክል ምግብ ሁሉ ከዚህ የተሻለ ነገር የለውም። በየግማሽ ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ብሉ፣ እስኪርባችሁ አትጠብቁ።

አንድ ወጣት ውድ ሳይክል ያስፈልጋል ወይ አለ። አያስፈልግም ወንድሜ። ያገለገለ ሳይክል ግዛ፣ ግን ማርሹን እይ፣ ከኋላ ትልቁ ማርሽ 32 ወይም 34 ጥርስ ቢኖረው ዱክስ ፓስን ተቀምጠህ ትወጣዋለህ። ፍሬኑን አስፈትሽ። የቀረውን ገንዘብ ለጥሩ ጎማና ለዝናብ ጃኬት አውጣው።

መኪና የሌለን እንዴት እንድረስ ላላችሁት፣ ባቡር ላይ ሳይክል በነፃ ነው የሚጫነው። ባሎክ ድረስ በባቡር ሄዳችሁ በቁጥር 7 መንገድ በድሪመን በኩል አበርፎይል ትደርሳላችሁ፣ ጫካው ውስጥ ፒስታ አለበት። ወይም ሚልጋይ ወርዳችሁ በአስፓልት 30 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ኤ81 ግን መኪና አለበት፣ እሁድ በጠዋት ካልሆነ አልመክርም። ከሁሉም የሚሻለው ግን እዚህ ከተቀመጥነው መሃል መኪና ያላችሁ ሳይክል መጫኛ ገዝታችሁ ሦስት ሦስት ሆናችሁ ብትሄዱ ነው። ስማችሁን በሩ ጋ ያለው ወረቀት ላይ ጻፉ፣ መኪና ያላችሁ መኪና አለኝ በሉ፣ ሳይክል የሌላችሁ የለኝም በሉ፣ ፒሩ ላይ እንከራያለን። ሜይ ላይ የአየሩን ሁኔታ አይተን ቅዳሜ ጠዋት እንሄዳለን፣ ጀማሪዎቹ ካትሪን ዳር ብቻ፣ ጉልበት ያላችሁ ሙሉውን ዙር፣ ስትሮናክላካር ካፌው ጋ እንገናኛለን።